ሦስተኛው ሙከራ

ሴፕቴምበር 1፣ ሰኞ

ሐኪሟ ጻፍ አለችኝ። «ምን ልጻፍ?» ብላት «የመጣልህን» አለች። ምንም አይመጣልኝም ብዬ እኮ ነው የሄድኩት። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ግን ሰዉ ሁሉ ከመስተዋት ወዲያ ሆኖ የሚያወራ ይመስለኛል። ሳህን ሳጥብ ውኃው ትኩስ መሆኑን የማውቀው በእንፋሎቱ ነው። ይህን ስነግራት ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈችና «ፈተናህ መቼ ነው?» አለችኝ። እሷም ታውቃለች። ጄኔቫ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ለማያውቀኝ ሰው እንደምነግር አድርጌ ልጀምር። ሙላቱ እባላለሁ፤ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ አሥራ ስድስት ዓመት ጥብቅና ቆሜያለሁ። የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ዓመታት ከባለቤቴ ከተናኘወርቅ ጋር አንድ ቢሮ ነበረን፤ ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ። ከዚያ እዚህ መጣን። የአውሮፓ ሰው ብሆን ኖሮ የጥብቅና ፈቃዴን ይዤ የምገባበት አጭር መንገድ ነበር። ለእኛ ግን የድሮው ሁሉ እንዳልነበረ ነው፤ የሕግ ትምህርቱን እንደገና፣ ከዚያ ስታዥ የሚሉትን በጠበቃ ሥር የመለማመጃ ጊዜ፣ በመጨረሻ የካንቶኑን፣ ማለትም የክልሉን፣ ፈተና። ያለፈ ሰው ብርቬ የሚሉትን ፈቃድ ይቀበላል፣ ጠበቃ ይሆናል፣ «ሜትር» ተብሎ ይጠራል። ከሦስት ጊዜ በላይ መሞከር አይቻልም። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ሦስተኛው ኖቬምበር ላይ ነው።

ያኔ ዩኒቨርሲቲው ሁለታችንንም ተቀብሎን ነበር። ልጃችን ሜሪ ዓመቷ ነበር። አንዳችን መሥራት ነበረብን። ተነጋግረን ወሰንን።

ሴፕቴምበር 4

ዛሬ አላነበብኩም። ነገ።

ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ

ዘንድሮ የእኛ አዲስ ዓመትና የጄኔቫ ጾም አንድ ቀን ዋሉ። ከተማው ዝግ ነው። ጾም ይባል እንጂ የሚጾም አላየሁም፤ ሰዉ ሁሉ የፕሪም ኬክ ይበላል። እኛም ሜራን ሰፈር ለቤተ ክርስቲያን የምንከራየው አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ከዶሮው በኋላ የፕሪም ኬክ በላን።

ፓስተር ዕዝራ ወደ ፊት ጠሩኝ። ሳምንቱን ሙሉ አየር ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ሲጭኑ ከርመው እሑድ ድምፃቸው እንዴት እንደዚያ እንደሚወጣ ይገርመኛል። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና «በዚህ ዓመት ወንድማችንን ሜትር ብለን እንጠራዋለን! አሜን በሉ!» አሉ። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። አንዲት እናት አለቀሱ። የእጃቸው ክብደት ይሰማኝ ነበር እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማኝም።

በኋላ ትሪ ይዤ ወደ ወጥ ቤቱ ስጠጋ ሴቶቹ ያወራሉ። አንዷ «እሷ ተምራ ቢሆን ኖሮ እስካሁን…» አለች። ስገባ ወደ ሳህኖቹ ዞሩ። «ወንድም ሙላቱ፣ ኬክ ልጨምርልህ?» አለችኝ ያቺው ሴት። ጨመረችልኝ። በላሁት።

ሴፕቴምበር 16

ተናኘ ከሥራ ስትመለስ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፋለች። የምትሠራው የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ነው፤ ታነሳቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች። እግሯን እየዘፈዘፈች የፈተናውን መለማመጃ መጽሐፍ ትይዝና ጥያቄ ታነብልኛለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የለመድነው ነው።

የዛሬው፦ አንድ አባት ቤቱን በሕይወት እያለ ለታላቁ ልጅ ይሰጣል፤ ሲሞት ታናሹ ይከሳል። እኔ ስለ ስጦታው መዘርዘር ጀመርኩ። ተናኘ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «መጀመሪያ የመክሰስ መብት አለው ወይ በል እንጂ» አለች። መልሱን ገልጣ አላየችም ነበር። ስንገልጠው እንዳለችው ሆነ።

ግምት ነው። ልምድ ያለው ሰው ይገምታል።

ሦስት ጥያቄ ሠራን። ሁለቱን እሷ ገመተች።

ሴፕቴምበር 25

ስታዤን ከጨረስኩ ጀምሮ የተከራዮች ማኅበር ውስጥ ግማሽ ቀን እሠራለሁ። ብርቬ አያስፈልገውም፤ ምክር ነው፣ ደብዳቤ ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ፖርቹጋላዊ መጡ። የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ከሻገተ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ አከራዩ ዝም ብሏል። አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ አንድ ስልክ ደወልኩ። ከሰዓት በፊት አከራዩ ሠራተኛ እልካለሁ አለ። ሽማግሌው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ብዙ ቆዩ።

ኃላፊዋ ማዳም ጆርዳን ጠራችኝ። «ሰዎቹ ተራ ሲይዙ ስምህን እየጠሩ ነው የሚጠይቁት» አለች። ከጃንዋሪ ጀምሮ ሙሉ ቀን እንድሠራ ትፈልጋለች። «እናያለን» አልኳት።

ሙሉ ቀን ይዤ እንዴት አድርጌ ጠበቃ እሆናለሁ? ሰዎች «አርፎ ተቀመጠ» ይላሉ። ብርቬውን ካገኘሁ ቢሮ ነው የምከፍተው። ለተናኘ ማዳም ጆርዳን ያለችኝን ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

ኦክቶበር 2

ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁ። ትራሙ ውስጥ ሞቀኝና እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄድኩ። ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ። ከዚያ ሰፈራችን ካለው የገበያ አዳራሽ ገብቼ አሳንሰሩ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ማታ ተናኘ «እንዴት ነበር?» ስትለኝ «ጥሩ ነው፣ ውርስን ጨረስኩ» አልኩ።

ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ

ሜሪ ዛሬ ከሰዓት ትምህርት የላትም። ፓስታ እየበላን ሳለ እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ ማማ ኤኮል ተቀበለ! ኢንፊርሚዬር ይሆናል! ፌቭሪዬ ይጀምራል!»

እናቷን ሁልጊዜ እንደ ወንድ ነው የምታወራላት፤ አማርኛዋ እንደዚህ ነው። የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፣ ፌብሩዋሪ ላይ ትጀምራለች ማለቷ ነው። ሹካዬን አስቀምጬ «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ማማ ስልክ ሲያወራ ሰማሁ። ከዚያ ለአባዬ አትንገሪ አለኝ። አንተ ኤግዛመን አለህ።» አፏን በእጇ ያዘች። «ነገርኩህ!»

«አልሰማሁም» አልኳት። «እናትሽ እስክትነግረኝ አልሰማሁም።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ፣ ዙሪክ

ግማሹን እዚህ ሽዋመንዲንገን ሰፈር፣ ግማሹን ደግሞ ማታ ቤት ስገባ እጽፋለሁ። የድሮ ጓደኛችን አየነው ጋር መጥተናል። አዲስ አበባ እሱ ዐቃቤ ሕግ ነበር፤ እኛ ተከላካይ። ችሎት ላይ ስንነታረክ ውለን ማታ አብረን ራት እንበላ ነበር። እዚህ ትራም ነው የሚነዳው። ልጁ ሌዊ የኤሌክትሪክ ሙያ ልምምዱን ጨርሶ ዲፕሎማ ስለተቀበለ ነው የጠሩን።

ትራም መንዳት እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው «እንደ ችሎት ነው» አለኝ። «ሰዓት ይከበራል፤ ሰዉ ያማርራል፤ ማታ ቤትህ ትገባለህ። ልዩነቱ ማንንም እስር ቤት አላስገባም።» ይስቃል። ሆዱ ወጥቷል፤ ፊቱ ግን ወጣት ሆኗል።

ስለ ፈተናው ሲያወራ፦ «ካለፍክ እኮ በጄኔቫ ብርቬ ዙሪክም መጥተህ መከራከር ትችላለህ። ከካንቶን ካንቶን በሩ ክፍት ነው። ጀርመንኛውን ብቻ ከየት እንደምታመጣው እንጃ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። ተናኘም ሳቀች። ከዚያ አየነው ወደ እሷ ዞሮ «አንቺስ? ያንቺ መቼ ነው?» አላት።

«የእኔ ምን?» አለች።

«ብርቬ ነዋ።»

«ኧረ እኔ አሮጊቶቼ ይበቁኛል» አለችና ሰላጣውን አቀበለችው።

በረንዳ ወጣሁ። እዚህ ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የእኛ ሰፈር፣ ለዛቫንሼ፣ ቢያንስ ቀለም አለው። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር። አየነው ለባለቤቱ ለትርፍነሽ እንዲህ ሲል ሰማሁ፦ «ልደታ ላይ ተናኘ ለመስቀለኛ ጥያቄ ስትነሳ እኔ ፋይሌን ነበር የምዘጋው። ምስክሬ እንዳለቀለት አውቃለሁ።»

«እሱስ?» አለች ትርፍነሽ።

«ሙላቱ ጥሩ ሰው ነው» አለ።

ጉም ወርዶ ነበር። የሚታየኝ የመኪና ማቆሚያው ብቻ ነው።

ስንመለስ ተናኘ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ከበርን ከተማ ወዲህ ነቅታ መስኮቱን ታይ ነበር። ልጠይቃት እችል ነበር። የምትነግረኝ ነገር ካለ ራሷ ትነግረኛለች።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ነገረችኝ።

ሜሪ ከጓደኞቿ ጋር አዳራሹ ቀረች። ቤት ስንገባ ተናኘ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልንገርህ፤ እስክጨርስ አታቋርጠኝ» አለች።

«እሺ።»

የሚያሠራት ማረፊያ አንድ ሠራተኛ የነርስ ትምህርት ሊያስተምር ነው። ሦስት ሴቶች አመለከቱ፤ ትምህርት ቤቱ እሷን ተቀበለ። ፌብሩዋሪ ላይ ይጀምራል። እየተማረች ግማሽ ቀን ትሠራለች፤ ደመወዟም ግማሽ ይሆናል። «አንተ ከጃንዋሪ ጀምሮ ማኅበሩ ውስጥ ሙሉ ቀን ከሠራህ ይበቃናል» አለች። «ማዳም ጆርዳን ጠይቃህ የለ?»

«ካለፍኩስ?»

«ካለፍክ እሰየው! ብርቬ አይበሰብስም። ትምህርቴን ስጨርስ ቢሮ ትከፍታለህ።»

«ከወደቅኩስ?»

«ያው ነው። ሥራው እንደሆነ ያው ሥራ ነው።»

ያነሳችው የሕግ ትምህርቱን ቢሆን የምለው ነገር ነበረኝ። ስንት ጊዜ በልቤ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ይኸው ቦታዬን ልልቀቅልሽ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ እኔ እሠራለሁ የሚል። እሷ ግን አልጠየቀችኝም። «ለምን ነርስነት?» አልኳት።

«አሮጊቶቹን ስለምወዳቸው» አለች። «ደግሞ ታክቶኛል ሙላቱ። አንዷ ስታቃስት ምን እንደሆነች አያለሁ፤ ግን ምንም ማድረግ ስለማልችል ነርሷ እስክትመጣ ትሪ ይዤ እቆማለሁ። እኔ ትሪ ይዤ ለመቆም የተፈጠርኩ ሰው ነኝ?»

«አይደለሽም።»

«እስከ ኖቬምበር 21 ድረስ እገባለሁ ወይም አልገባም ብዬ መልስ መስጠት አለብኝ። ብቻዬን የምወስነው አይደለም። አንተ እሺ ካልክ ነው።»

«ፈተናው ይለፍና እናውራ» አልኩ።

«ፈተናው 13 ነው። ውጤቱ ግን ከ21 በኋላ ነው የሚመጣው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ ሳይሆን…» አለችና ተወችው። ተነስታ ኮቷን አወለቀች።

ጥሩ ነገር ነው። በእውነት ጥሩ ነገር ነው። ጊዜው ብቻ ነው።

ኦክቶበር 30

ማዳም ጆርዳን እንደገና ጠየቀችኝ። ቦታውን ለማስጸደቅ ስም ያስፈልጋታል። ከፈተናው በኋላ አልኳት። «ሙላቱ፣ አልችልም ማለትም መልስ ነው» አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው።

ኖቬምበር 6

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት። ወንጀል። የውርስ ሕግ እንደገና። ተናኘ ጥያቄ ታነብልኛለች፤ አሁን ግን አትገምትም። መልሱን እስክናገር ትጠብቃለች፣ ትክክል ከሆነ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ ስህተት ከሆነ ገጹን ታሳየኛለች። ስለ ሌላው ነገር አላነሳችም። እኔም ፈተና ላይ ነኝ።

ኖቬምበር 10

ፓስተር ዕዝራ ደወሉ። ማኅበረ ምእመናኑ ሦስት ቀን ይጾማል። «ስለ እኔ ሰው አይራብ ፓስተር» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ተናኘም ጾመች። ስምንት ሰዓት ቆማ እየሠራች።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ተፈተንኩ። አዳራሹ ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ ትልቁ እኔ ነበርኩ። ጎኔ የተቀመጠው ልጅ እግሩን ሲያርገበግብ ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጥ ነበር። እጄ ራሱ ጻፈ። አንድ ቦታ ላይ ቆሜ «መጀመሪያ የመክሰስ መብት አለው ወይ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ሁሉም መስመር ያዘ።

ጠዋት ተናኘ ከሥራ በፊት ተነስታ ሸሚዜን ተኩሳልኝ ነበር። በሩ ላይ «በርታ» አለችኝ።

ኖቬምበር 17

ተናኘ እየጠበቀች ነው። እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ቅዳሜ እናወራለን ብዬ ነበር፤ ቅዳሜ እንግዳ መጣ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ካለፍኩና ማኅበሩን እሺ ብዬ ከሆነ ሰው ምን ይለኛል? ከወደቅኩ ደግሞ በዚያው ታሪኩ አለቀ፤ ዕድሜ ልኬን የሻገተ ግድግዳ። ውጤቱን ሳላውቅ እንዴት እወስናለሁ? ዳኛም ማስረጃ ሳያይ አይፈርድም።

ነገ እነግራታለሁ።

ኖቬምበር 19

ነገ።

ኖቬምበር 21፣ ዓርብ

የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል። የሕንፃው ተቆጣጣሪ ጋ ደወልኩ፤ ሰኞ እመጣለሁ አለ። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ቀኑን ሙሉ ሲነፍስ ዋለ፤ መስኮቶቹ ያፏጫሉ። ለራት ምስር ነበር። ሜሪ ሒሳብ ፈተና አምስት አገኘች፤ ከስድስት ነው፣ ጥሩ ነው። ተናኘ ስልኳን ሳህኗ አጠገብ አስቀምጣ ነበር። እየበላን ሳለ ሁለት ጊዜ ስልኩን አየች፤ ሁለት ጊዜ እኔን አየች። ስለ ቧንቧው ነገርኳት። «እሺ» አለች።

ጨርቅ ጠመጠምኩበት። አሁን ድምፁ አይሰማም።

ኖቬምበር 24

ማዳም ጆርዳን ሌላ ሰው ቀጠረች። አልተቀየመችኝም። ግማሽ ቀኔ እንዳለ ነው።

ኖቬምበር 28፣ ዓርብ

የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ። ሦስት ጊዜ አየሁት። ተናኘ አንገቴን አቀፈችኝ፤ ረዥም ጊዜ አቀፈችኝ። ጸጉሯ የማረፊያውን ሳሙና ይሸታል። የቃል ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ዲሴምበር 5፣ ዓርብ

ሦስት ፈታኞች፣ ረዥም ጠረጴዛ። ጠየቁኝ፣ መለስኩ። መሐል የተቀመጠችው ሴት መነጽሯን አውልቃ «ከዚህ በፊት ሠርተዋል?» አለችኝ።

«አሥራ ስድስት ዓመት» አልኩ።

«ያስታውቃል» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ወጣቶቹ ጋር ቆሜ ጠበቅኩ። አንዲት ልጅ ሳታውቀው እጅጌዬን ይዛ ነበር። ስም ተጠራ። የእኔም ተጠራ። ልጅቷ አለቀሰች፤ እሷም አልፋለች። እኔ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት።

ለተናኘ ደወልኩ። «አለፍኩ።»

ከኋላዋ የአንድ አሮጊት ደወል ሲጮህ ይሰማ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን ሙላቱዬ። ደከምክ እኮ።» ከዚያ «ልሂድ፣ እየጠሩኝ ነው» አለች።

ድልድዩ ላይ ቆሜ አሁን ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ደስታው ማለቴ ነው። ብዙ ቆምኩ። ሲበርደኝ ሄድኩ።

ዲሴምበር 7፣ እሑድ

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከሎዛንም የመጡ አሉ። ኬኩ ላይ በክሬም «ሜትር ሙላቱ» ተጽፎበታል። ፓስተር ዕዝራ ዘለሉ፤ እውነተኛ ዝላይ ነው የምለው። ሰዉ ሁሉ «እንደተነገረው ሆነ» አለ። ከዚያ ፓስተር «እህታችን ተናኘወርቅም አንድ ቃል ትበል!» አሉ።

ተናኘ ማይኩን ይዛ ትንሽ ቆመች። ችሎት ላይ ከመናገሯ በፊት እንደዚያ ነበር የምትቆመው። ሳል እንኳን አይሰማም ነበር። «ጌታ ይመስገን» አለች። «ሙላቱ ሦስት ጊዜ ሞከረ። አላቋረጠም። እናንተም አላቋረጣችሁም። አመሰግናለሁ።» ማይኩን መለሰች። እልልታው ቀለጠ። ሁለት ሰዎች ስለ መኖሪያ ፈቃዳቸው ሊያማክሩኝ እዚያው ያዙኝ።

ቤት ስንገባ ሜሪ ክፍሏ ገባች። ተናኘ ነጠላዋን እያጠፈች ነበር።

«ትምህርት ቤቱስ?» አልኳት።

«የቱ?»

«የነርስ ነዋ።»

ነጠላውን አጥፋ ጨረሰች። «ቀኑ አለፈ እኮ ሙላቱ» አለች። «አልገባም ብዬም አልጻፍኩላቸው። ዝም አልኩ። ዝም ሲሏቸው ገብቷቸዋል።»

«ለምን መልሰሽ አልጠየቅሽኝም?»

«ጠይቄህ ነበር።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ስንት ጊዜ ነው ሰው ባሉን የሚጠይቀው?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እውነቴን ነው፣ ስለ አንተ ደስ ብሎኛል። ያንን ወረቀት ስትጠብቅ ስንት ዓመት አየሁህ። አንተ ሦስት ጊዜ ሞክረህ ገባህ። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተቀብለውኝ አልገባሁም። ሌላ የምለው የለኝም።»

መብራቱን አጠፋች። ጠዋት ሥራ አላት።

ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

ለቃል ፈተናው የለበስኩትን ሱፍ ለብሼ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የመዝገብ ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ነበረች። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ባለቤቴ ጥፋት እንደሌለባት፣ መዘግየቱ የቤተሰብ ጉዳይ እንደሆነ፣ ከእሷ ቁጥጥር ውጭ የሆነ ምክንያት እንደነበረ፣ ትምህርቱ ገና ስላልተጀመረ ማንም እንደማይጎዳ። በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ከጨረስኩ በኋላ ከፈተናው ይልቅ እንደ ተሻልኩ ታወቀኝ።

ሴትዮዋ እስክጨርስ ሰማችኝ። «ያ ከእሷ ቁጥጥር ውጭ የሆነው ምክንያት ምን ነበር?» አለችኝ።

የሱፌን ቁልፍ ፈትቼ መልሼ ቆለፍኩት። 

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለች ቀስ ብላ።

«ጠበቃዋ ነኝ» አልኩ። በዚህ ሀገር ይህን ቃል ስለ ራሴ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ቦታው ተጠባባቂ ለነበረች ሌላ ሴት ተሰጥቷል፤ እሷም እሺ ብላ ተመዝግባለች። በሚቀጥለው ዓመት ማመልከት ይቻላል፤ ግን ማረፊያው እንደገና ይልካት እንደሆነ ማረጋገጥ አይችሉም። በጣም ትሁት ሴት ናት። ወንበር እንኳን ስባልኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም።

ውጭ ወጣሁ። አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ብረቱ ያቃጥላል፤ ከብርዱ የተነሳ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጓንቴን አላደረግኩም። መዳፌ እስኪያመኝ ያዝኩት።

ዲሴምበር 12፣ ዓርብ

የጄኔቫ የድል በዓል ነው። ሜሪ የድሮ ወታደር መስላ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ወጥታለች። ተናኘ የማታ ተረኛ ስለሆነች ራት ቀደም ብለን ለሁለት በላን። ሄጄ እንደነበር ነገርኳት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሊደውልላት ይችላል።

መብላቷን አቁማ «ምን ብለህ ገባህ?» አለችኝ።

«አስረዳኋቸው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኩ።»

«ማን ነኝ ብለህ?»

«ጠበቃዋ ነኝ አልኩ።»

የምትስቅ መሰለኝ። አልሳቀችም። «ውክልና ይዘህ ነበር?» አለች።

«ተናኘ…»

«አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቢሮ አብረን ሠርተናል። ያለ ውክልና ስለ ሰው ቆመህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔስ?»

«አንቺም።»

«ታዲያ ስለ እኔ ቁም ያለህ ማን ነው?» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አልፈሰሰም። «አንድ ቃል ነበር የፈለግኩት፤ እሺ ወይም እምቢ። እምቢ ብትለኝ እንኳን እጣላህ ነበር፣ እከራከርህ ነበር፣ ምናልባት አሸንፍህም ነበር። የምከራከርበት ነገር አልሰጠኸኝም። አሁን ደግሞ ቀኑ ካለፈ በኋላ ሱፍ ለብሰህ ለማታውቃት ሴት ትናገርልኛለህ!»

«ፈርቼ ነው» አልኩ። ከየት እንደወጣ አላውቅም። «ባልፍም ፈራሁ፣ ብወድቅም ፈራሁ። ዝም ካልኩ የሚያልፍ መሰለኝ።»

«ይህንን ኖቬምበር ላይ ብትለኝ ኖሮ» አለች። ሳህኗን አንስታ እንጀራውን መለሰችው፣ እጇን ታጠበች፣ ነጩን የሥራ ጫማዋን ፌስታል ውስጥ ከተተች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። «እንደገና ላመልክት እችላለሁ። ላላመለክትም እችላለሁ። ገና አላሰብኩበትም። ካሰብኩ ራሴ እሄዳለሁ፤ ራሴ እናገራለሁ። አንተ እንዳትሄድልኝ።»

«እሺ» አልኩ።

ደረጃውን ስትወርድ ይሰማኝ ነበር። እስከ ትራሙ ልሸኛት ብዬ ኮቴን አነሳሁ። መልሼ ሰቀልኩት።

ልክ ናት። አልወከለችኝም።